የአባቴ ዋስ

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ሳሎኑን ስታሰናዳ ቆይታለች፤ ወንበር ከጎረቤት ተውሰናል፣ ለስላሳ በሳጥን ገዝተናል። አባቴ መኝታ ቤት ግድግዳውን እያየ ተኝቷል። ሰው እንደሚመጣ ያውቃል፣ ለምን እንደሚመጣም ያውቃል፤ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው "ዛሬ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው "እንጃ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው መሰለኝ" አልኩት። ቤታችን ውስጥ ስለ መጠጥ የሚወራው እንዲህ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአውቶቡሶቹ መውጫ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ከገቡበት ወዲያ ሰው የሚቆመው በጎኑ ነው። መስከረም ሲጠባ የግማሹ አዋሳ ተማሪ (ያኔ ሐዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት) የሚለብሰው ዩኒፎርም ከእሱ እጅ የወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። መጀመሪያ የሚጠጣው ሱቁን ከዘጋ በኋላ ነበር። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ። በመጨረሻ ጠዋት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው አረቄ ቤት ደርሶ ካልመጣ በስተቀር እጁ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ጠጥቶ ሲመጣ እጁ ይረጋል፤ ሰውየው ግን ይጠፋል።

እናቴ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ያንገሸገሻት የአንድ ሙሽራ ሱፍ ነው። ሙሽራው በሠርጉ ዋዜማ ኮቱን ሊወስድ መጥቶ ሲለብሰው ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። ሚዜዎቹ መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ሙሽራው አልሳቀም። በሳምንቱ አባቴ በመናኸሪያና በአዲስ ከተማ ሰፈር "ሁለት ግራ" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፤ እናቴ ገበያ ስትሄድ የበርበሬ ነጋዴዋ ሳታስበው "የሁለት ግራ ባለቤት አይደለሽ?" አለቻት። እናቴ በርበሬውን ሳትገዛ ተመለሰችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ሽማግሌ ልትጠራ ወጣች።

አባቴና እናቴ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩትም የአገራቸውን ሽማግሌዎች ነው። ሰብሳቢው ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ግሬደር ባይኖርም ከግሬደር በላይ መጮህ የለመዱ ሰው ነበሩ። አባቴን ጠርተው መሃል ላይ አቆሙት።

"ትጠጣለህ?"

"እጠጣለሁ።"

"ቤትህን እየበተንክ መሆኑ ይታወቅሃል?"

"ይታወቀኛል።"

"ልታቆም ትፈልጋለህ?"

አባቴ "እፈልጋለሁ፣ ግን አልችልም" አለ። እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ አንጀቴን በላው። እናቴ ግን አንጀቷ ከተበላ ቆይቷል። "እኔ ደክሞኛል" አለች፣ እሱን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን እያየች። "ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ። ሦስተኛ ነገር እንዳትነግሩኝ።"

ሽማግሌዎቹ ደጅ ወጥተው ተመካከሩና ተመለሱ። ሦስተኛ ነገር ይዘው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አባቴ አይጠጣም። ለቃሉ ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ዕለት ቤቱን ለቆ ይወጣል፤ ያኔ እናቴን ማንም "ታረቂ" አይላትም።

"ዋስህን ጥራ" አሉት ሰብሳቢው።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እንደሚጠራ እርግጠኛ ስለነበር የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። አባቴ አጎቴን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ የለስላሳ መክፈቻ ይዤ በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን አየ።

"ልጄ ናት ዋሴ" አለ።

እኔ ያኔ የመምህርነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ገና ወራት ናቸው። እህቶቼ አግብተው ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ምደባ እየጠበቅኩ። አንደኛው ሽማግሌ "ሴት ልጅ ደግሞ ዋስ ትሆናለች እንዴ?" ብለው አጉረመረሙ። ሰብሳቢው ሳቁባቸው። "ለምን አትሆንም? የሴቶች እኩልነት እየተባለ በሬዲዮ ሲነገር አትሰማም እንዴ? ዘመኑ ተለውጧል!" ሁሉም "እውነት ነው" አሉ። ያ ብዙ የተወራለት እኩልነት ለእኔ የደረሰኝ በዚህ መልክ ነው።

አልተጠየቅኩም አልልም። "ትሆኚዋለሽ ልጄ?" ብለውኛል። ግን ሳሎን ሙሉ ሰው ዓይኑን ተክሎብሽ፣ አባትሽ መሃል ላይ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ፣ እናትሽ ትንፋሿን ይዛ "አልሆንም" የሚባል ቃል ከየት ይመጣል? "እሺ" አልኩ። ተመረቅን። ለስላሳው ተከፈተ። ቅድም ያጉረመረሙት ሽማግሌ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስተው እያዩ "ያለ ጠጅ የታሰረ እርቅ በዕድሜዬ አላየሁም" ሲሉ እናቴ ያየቻቸውን አስተያየት መቼም አልረሳውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። አባቴ አንሶላው እስኪረጥብ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያሳየኛል። ጤና ጣቢያ ወስደነው ግሉኮስና መድኃኒት ሰጡት፤ ነርሷ ብቻውን እንዳንተወው አጥብቃ ነገረችን። ለጎረቤት "ወባ ይዞት ነው" አልን። አዋሳ ውስጥ ወባ ያልያዘው ሰው የለም፤ ከዚህ የተሻለ ውሸት አይገኝም ብለን ነበር።

ውሸታችን መዘዝ ይዞ መጣብን። ወባ የያዘው ሰው ይጠየቃል። ብርቱካን ይዘው መጡ፣ ሙዝ ይዘው መጡ፣ ፀሎት ይዘው መጡ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ከሰዓት ደግሞ ከጀርባችን ያሉት፣ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው አሮጊት፣ በነጠላቸው የጠቀለሉትን ጠርሙስ ይዘው ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ክዳኑን ሲከፍቱ ቤቱ በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ ሽታ ተሞላ።

"ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌበት ከርሞ የቆየ ነው" አሉኝ። "ወባን እንዲህ አርጎ የሚነቅል መርፌ የለም። አምጪ መለኪያ።"

አባቴ ከትራሱ ቀና አለ። ዓይኑን አየሁት። ጠርሙሱን ነበር የሚያየው፤ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበርኩም።

"እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎታል" አልኩ።

"ሐኪም ምን ያውቃል! እሱ ሳይወለድ በዚህ የዳንን ሰዎች ነን። አምጪ እንጂ!"

መለኪያ አላመጣም ስል ራሳቸው ተነስተው የሻይ ብርጭቆ አመጡ። ሞሉት። "እኔ እያየሁ ይጠጣት፣ ከዚያ እሄዳለሁ።" ምን ልበላቸው? "ወባ አይደለም፣ አረቄ ነው ያመመው" ልበላቸው? ምሽቱን ወሬው ሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ሻጮች ዘንድ ይደርሳል። ብርጭቆውን ተቀበልኳቸው፤ የአባቴ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። "እኔንም ያተኩሰኛል እትዬ፣ ትናንት ጀምሮኛል" ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ እንባዬ ወረደ። እትዬ ደስ ብሏቸው ጀርባዬን መቱኝ። "እንዲህ ነው! አሁን ለእሱ ቅጂለት።" ለእሱ እቀዳለሁ ብዬ ጠርሙሱን ወደ ጓዳ ይዤ ሄጄ ማፍሰሻው ውስጥ ደፋሁት፤ "አመለጠኝ፣ ተሰበረ" አልኳቸው። አንድም ስባሪ አልተገኘም፤ ግን አሮጊቷ ዓይናቸው ደከም ያለ ነበር። እናቴ ስትመለስ ከበሩ ጀምሮ አሸተተች። አባቴ ላይ ልትጮህ አፏን ስትከፍት "እኔ ነኝ" አልኳት፤ ማመን አቅቷት አፌን አሸተተችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እሱም የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል እያለቀሰ ነው።

ሲያገግም አብሬው ሱቅ መዋል ጀመርኩ። በሩ ላይ ዱካ አስቀመጠልኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዘርፍ እቀመቅማለሁ፣ የደንበኞችን ልክ እጽፋለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን በሩ ላይ መቀመጥ ነው። ሽንት ቤት ሲሄድ በዓይኔ እከተለዋለሁ። የድሮ ጓደኞቹ ብቅ ሲሉ ከዱካዬ ሳልነሳ "ሥራ ላይ ነው" እላለሁ። እነሱም ያውቁኛል፤ "ዘበኛዋ አለች" ብለው ይመለሳሉ። ከፊት ለፊታችን የመናኸሪያው ረዳቶች ቀኑን ሙሉ "ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! ዲላ የሞላ! አርባ ምንጭ፣ አርባ ምንጭ!" እያሉ ይጮሃሉ። አገር ሁሉ በፊቴ ተጭኖ ይሄዳል፤ እኔ የዩኒፎርም ቁልፍ እተክላለሁ።

ዋስነቱ መሥራቱን ሠርቷል፣ ይህን መካድ አልችልም። የአባቴ እጅ ረጋ። ፊቱ ሥጋ ያዘ። ያ "ሁለት ግራ" የሚለው ስም እየተረሳ ሄደ፤ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ሱፍ መስፋት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ በሱቁ በኩል ባለፉ ቁጥር ቆመው "አየሽ!" ይሉኛል፣ ሥራው የእነሱ እንደሆነ ሁሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። የሰፈር ጓደኞቼ ግን ተመደቡ፣ አገቡ፣ ያኔ በወረፋ ይገኝ የነበረውን ሞባይል አወጡ። እኔ የአባቴን ትንፋሽ አሸታለሁ። ጠዋት "እንደምን አደርክ" ስለው ጉንጩን የምስመው ለማሽተት እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ ሳልጠይቀው ጉንጩን ያስጠጋልኛል። ይህ ከሁሉም በላይ ያስጠላኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ዕለት፣ ከሱቃችን ጎን ቅቤ የምትሸጠው ሲዳማዋ ጎረቤታችን "ጉዱማሌ አብረን እንሂድ፣ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ይምታሽ!" ብላ ያዘችኝ። አባቴ ራሱ "ሂጂ፣ ሂጂ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?" አለ። ወደ በዓሉ ሜዳ ሄድኩ። የሲዳማ ሽማግሌዎች እየዘመሩ ሲያልፉ፣ ቆንጆዎች ሲጨፍሩ አየሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር የበዓሉን ሰላምታ "አይዴ ጨምበላላ" ተባባልኩ። ከቆጮ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ በላሁ። ጨፈርኩ፣ እኔ! ደስታ ምን እንደሚመስል ትዝ አለኝ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል ተመለስኩ።

የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ በሁለቱ መኪናዎች መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠርሙሱ ጉልበቶቹ መሃል። ቀና ብሎ አየኝና "የት ሄድሽብኝ?" አለ።

በማግስቱ ሰብሳቢው ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። የዋስ ወጉ ይህ ነው፤ ቃል ሲፈርስ ዋስ ራሱ ሄዶ ይናገራል። የአባቴን ጥፋት ልናገር ነበር የሄድኩት። እሳቸው እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ "አንቺስ የት ነበርሽ?" አሉኝ።

"ጉዱማሌ ሄጄ ነበር፣ አባባ። ግማሽ ቀን ብቻ።"

"ዋስ ሆነሽ?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ አባትሽ በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ላይ አይፈረድም። ጥፋቱ የዋስ ነው። እናትሽን ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ።"

እናቴን ይቅርታ ጠየቅኩ። እናቴም ይቅር አለችኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አረቄውን የጠጣሁት እኔ ብሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ አልዋረድም ነበር።

ከዚያ በኋላ የትም አልሄድኩም። በዓመቱ ግን በትምህርት ቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜ ወጣ፤ አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስሜን በጣቴ ዳሰስኩት። ለእናቴ ስነግራት "እሰይ" አለችና ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። አባቴ ግን ምንም ሳይል ሜትሩን አንስቶ "ነይ ቁሚ" አለኝ። ለአስተማሪ የሚሆን ኮትና ጉርድ ሊሰፋልኝ ነው። ትከሻዬን ለካ፣ እጅጌዬን ለካ፤ እጁ ፍጹም አይንቀጠቀጥም። ጎንበስ ብሎ የጉርዱን ርዝመት ሲለካ የሳሳውን አናቱን አየሁ። በጣም ወደድኩት። እዚያው ቆሜ ደግሞ ጠላሁት፤ እንዲህ ደህና ባይሆን ኖሮ መሄድ ይቀለኝ ነበር።

ኮቱ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሰው ላክሁ። "ዋስነቴን አውርዱልኝ" አልኩ። እሑድ ተሰበሰቡ፤ ያው ሳሎን፣ ያው ለስላሳ። ሰብሳቢው ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ "ሥራ ነው፣ መንግሥት ነው የመደባት፣ ምንም አይባልም" አሉ። ልቤ ዘለለ። "ዋስ ግን ምትክ ሳያቆም አይወርድም። ማን ይተካት?"

ዞረው አዩ። አጎቴ ኮቱን አልቆለፈም ነበር በዚህኛው ጊዜ፤ "እኔ ሁልጊዜ ጭነት ይዤ መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ሌላኛው ወፍጮ ቤት አለባቸው። ሌላኛው ጤና የላቸውም። ሰብሳቢው ራሳቸው "እኛ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ተቀምጠን ልንውል አንችልም፤ ሥራ አለን" አሉ። የተናገሩት በየዋህነት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስውል ሥራ ይኖራት ይሆን ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ "አየሽ! አየሽ!" አሰብኩ። እናቴ "እኔ ልሁን" አለች በቀስታ። "ሚስትማ ለባሏ ዋስ አትሆንም፣ አንድ አካል ናችሁ" አሏት።

ያኔ አባቴ ተነሳ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል።

"ልቀቋት" አለ። "ልጅቷ የምትችለውን አድርጋለች። ሌላ የምጠራው ዋስ የለኝም። በቃላችሁ መሠረት ቤቱን እለቃለሁ።"

መኝታ ቤት ገብቶ ተመለሰ፤ በጨርቅ የጠቀለለውን መቀሱን ብቻ ይዟል። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ አልከለከለችውም፣ ሂድም አላለችውም። እኔ ነፃ ነበርኩ። ኮቴ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል፣ ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፣ የሚያስቀረኝ አንድም ነገር የለም። አባቴን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ያን መቀስ ይዞ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው አረቄ ቤት አያልፍም። ክረምቱን አይሻገርም።

በሩ ላይ ጫማውን አደረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ። ማሰሩ ቆየ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ያያሉ። እኔ ጎብጦ የቆመ ጀርባውን አየሁ፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ዝም በል አልኩት አፌን። ይውጣ። አንቺን ነው የለቀቀሽ፣ ተቀበይው። ጥርሴን ነክሼ ነበር።

"ዋሱ እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ነው።

ሰብሳቢው ወዲያው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ሌሎቹም ተነሱ፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆይተው የለቀቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር። "ይባርክሽ! የተባረክሽ ልጅ!" ምርቃቱ ጀመረ። አባቴ ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው እግሩን ያየሁት። ያደረገው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው "ዘርሽ ይባረክ፣ ከቤትሽ አትጥፊ" ይላሉ፤ ሳሎኑ በሙሉ "አሜን" ይላል፤ እኔም አሜን አልኩ።